ወለሉን ማን ያንጥፈው?

በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ልመዘገብ ወረፋ ስይዝ አባቴ አብሮኝ ቆሞ ነበር። ጨርሼ ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «ቤቱ ሲደርስሽ ወለሉ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳታስነኪ» አለኝ። አባቴ አናጢ ነው። አራት ልጆች ያሳደገው በመጋዝና በመላጊያ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ቤት በሩም፣ መስኮቱም፣ ወለሉም የእጁ ሥራ ነው። ስለዚህ የዚያን ዕለት ያለኝን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። ያን ጊዜ 63 ዓመቱ ነበር።

ቁልፉን የተረከብኩት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳና ጣሪያ ትረከባላችሁ፣ የቀረውን ራሳችሁ ትጨርሳላችሁ። ወለሉ ሻካራና ወጣ ገባ ሲሚንቶ ነበር። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ገና ከመግባቱ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። ሳሎኑንና ሁለቱን መኝታ ቤቶች ለካና፣ «42 ካሬ» አለ። ሜትሩን መልሶ ሊጠቀልል ሲል እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ባለቤቴም አየ። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

የእንጨት ወለል ለማንጠፍ ባለሙያ ይቀጠር ወይስ በቤተሰብ እጅ ይሠራ የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት የገንዘብ ጥያቄ ነው። በእኛ ቤት ግን ከገንዘቡ በፊት አባቴ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ሐሳብ ነበር። የባለቤቴ ሐሳብ ላሚኔት ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ዩቲዩብ ከፍቶ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅዳሜ ሳሎን ሙሉ አንጥፈው ሲጨርሱ ያሳየኛል። «ተመልከቺ፣ ኮላ የለው፣ ምስማር የለው፤ ማቆላለፍ ብቻ ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም። ላሚኔት ጠርዝና ጠርዙ እየተቆላለፈ የሚሄድ ስለሆነ፣ የታችኛው ወለል እኩልና ደረቅ ከሆነ፣ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ከገባለት፣ ዙሪያውንም ከግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከተተወለት፣ እጁ ሥራ የለመደ ሰው በራሱ ሊወጣው ይችላል። ቢሳሳት እንኳን ፈትቶ ይመልሰዋል።

አባቴ የላሚኔቱን ናሙና ሲያሳዩት በጥፍሩ ሞከረው፤ ገልብጦም ጀርባውን አየ። «ይሄ እንጨት አይደለም፤ የእንጨት ፎቶ ነው» አለ። እሱም አልተሳሳተም። የላሚኔት ፊት የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ነው፤ ከወረቀቱ ሥር ያለው ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ እንጨት ነው። ፊቱ ካለቀ ይቀየራል እንጂ አይላግም። እውነተኛ እንጨት ግን ሲቧጨርና ሲደበዝዝ በማሽን ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ውፍረቱ እስከፈቀደ ድረስ ይህን ደጋግሞ ይችለዋል።

ሦስተኛው ሐሳብ የእኔ ነበር። ወለሉ እውነተኛ ፓርኬ ይሁን፣ ግን አባቴ አያንጥፈው። ይህን ጮክ ብዬ መናገር አልቻልኩም። ባለቤቴ «አባባን ማን ይነግራቸዋል?» ባለኝ ቁጥር፣ «እስቲ መጀመሪያ እንጨቱን እንምረጥ» እያልኩ ቀኑን እገፋለሁ።

እንጨት መምረጡም የራሱ ታሪክ አለው። አባቴ ያደገው በዋንዛና በዝግባ ዘመን ነው። የወላጆቼ ቤት ሳንቃ ዝግባ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ እንኳን ሲታሽ ያበራል። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን፣ ዋንዛን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥ የከለከለው እነዚህ ዛፎች እያለቁ ስለነበር ነው። አባቴ ራሱ፣ «ዛሬ ከየት እንደመጣ የማይነግርህ ሰው የሚሸጥልህን ዝግባ አትግዛ» ብሎ ለባለቤቴ መከረው። በመጨረሻ የባሕር ዛፍ ፓርኬ መረጥን። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ የልጆች ሩጫና የወንበር እግር ይችላል። ዐመሉ ግን ከሌላው ይከፋል። ሲደርቅ ብዙ ይሸሻል፣ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። በደንብ ሳይደርቅ ከተነጠፈ መሸሹን ወለሉ ላይ ይቀጥላል፤ በየመጋጠሚያው ክፍተት ያመጣል። «ባሕር ዛፍ ላይ የሚቸኩል ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል» ይላል አባቴ።

ናሙና ብሎ አንድ ካርቶን ፓርኬ ወደ ቤቱ ወሰደ። ከሳምንት በኋላ እሁድ ቀን ደወለልኝና፣ «ነይ፣ የማሳይሽ አለ» አለኝ።

ጓሮው ውስጥ፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ አንድ ካሬ ሜትር ኮምፐርሳቶ አጋድሞ ፓርኬውን በላዩ አንጥፎታል። ቆንጆ ነው። «አባዬ፣ ያምራል» አልኩት።

«በዓይንሽ አትይው» አለና ክር አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር ወጠረው። የመጨረሻው መስመር ከክሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። «እያንዳንዱ መስመር ላይ ግማሽ ሚሊ እሳሳታለሁ እንበል። ፓርኬው 6 ሳንቲም ስፋት አለው። የሳሎንሽ ወርድ 4 ሜትር ነው፤ ወደ 66 መስመር ይሆናል። ግማሽ ሚሊ በ66፣ ከ3 ሳንቲም በላይ። ግድግዳው ጋ ስትደርሺ አፉን የከፈተ ነገር ነው የሚጠብቅሽ።»

ዝም አልኩ። እሱ ቀጠለ። «ይቺን አንዷን ካሬ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሬ 7 ሰዓት ላይ ነው የጨረስኳት። በቀን 5 ሰዓት ብሠራ 42 ቀን በጉልበቴ ልሄድ ነው። ጉልበቴ ለስግደት ይበቃኛል ልጄ፤ ለፓርኬ አይበቃም።»

ለሁለት ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እናቴ ቡናውን ይዛ ባትመጣ ኖሮ ማልቀሴ አይቀርም ነበር። አባቴ ስለ እጁ መንቀጥቀጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አላነሳሁም። ሲኒውን ግን በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

ቡናው ሲያልቅ፣ «ሰው ቅጠሪ። የምጠይቀው ግን እኔ ነኝ» አለ።

ወዲያው ያልገባኝ ሌላ ነገርም ነበር። አባቴ ወለል ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ሌላ ዓይነት ወለል ነው። በድሮው የአዲስ አበባ ቤቶች መሠረቱ ከመሬት ከፍ ይላል፤ በላዩ ሞራሌ ይጋደማል፣ ሳንቃው በሞራሌው ላይ በምስማር ይመታል። ከመሠረቱ ግድግዳ ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። እንጨቱ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኝ እርጥበት አይታመቅበትም። አንድ ሳንቃ ቢበላሽ ምስማሩ ተነቅሎ ይለወጣል። የእኛ ቤት ፓርኬ ግን ቀጥታ ሲሚንቶ ላይ በኮላ ነው የሚጣበቀው። ከሥሩ አየር የለም። ሲሚንቶው የያዘው ውኃ መውጫ የሚያገኘው በእንጨቱ በኩል ብቻ ነው፤ እንጨቱም ሲጠጣ ያብጣል፣ መሄጃ ሲያጣ ይነሳል። ከላያችን ያለችው ጎረቤታችን ሳሎን ይህ ደርሷል። ባለፈው ክረምት ፓርኬዋ መሀል ለመሀል ተነስቶ እንደ ግመል ሻኛ ሆኖ ነበር። የሠራላት ሰው ስልኩን አያነሳም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች አየን።

የመጀመሪያውን ያመጣልን ደላላ ነው። ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰና «ደርቋል፤ ነገ እጀምራለሁ፣ በአራት ቀን አስረክባለሁ» አለ። ግማሹን በቀብድ ጠየቀ። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ «ይሄ ሊሾ መቼ እንደተሠራ አልጠየቅኸኝም» አለው። ሰውየው ሳቀ። «አባባ፣ የሚታይ ነገር ነው እኮ።» ሊሾው የተሠራው ወጣ ገባውን ለማስተካከል ብለን ከአንድ ወር በፊት ነው፤ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሁለተኛው ፓርኬ የሚሸጥ ሱቅ የላከው ሠራተኛ ነው። ጨዋ ነው፤ ካታሎግ አሳየን፣ ቀለም አስመረጠን። ዋጋው ከሁሉም ከፍ ይላል። «ዋስትና አለው?» ስንለው «አለው» አለ። «ወረቀት ላይ ይጻፍ» ስንለው ግን «ሱቁን ላናግር» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሦስተኛው 30 ዓመት ቢሆነው ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቤት የሠራው ልጅ ነው፤ ሥራውን ከሁለት ዓመት በኋላ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ገብቶ ለአባቴ እጅ ነሣና ጫማውን አወለቀ። በቁልፍ ወለሉን እያንኳኳ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠበትን ቦታ በጠመኔ ከበበው። ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ብረት አጋደመና ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለካ። «ከ3 ሚሊ በላይ ሲሆን ማስተካከል አለብኝ» አለ። ከዚያ 60 በ60 የሆነ ፕላስቲክ አውጥቶ ሊሾው ላይ አነጠፈ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸገ። «ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ፤ ማንም እንዳይነካው።»

በማግስቱ ሲገልጠው ከፕላስቲኩ ሥር ጤዛ ተቋጥሯል፤ ሲሚንቶውም ጠቁሯል። «ጤዛ ካለ እርጥብ ነው ማለት ነው። ባይኖርም ግን ደርቋል ብዬ አልጀምርም፤ በመለኪያ አየዋለሁ» አለና ለአባቴ አስረዳው። ጥሩ አየር ባለበት ቤት እንኳን ሊሾ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚደርቀው። የእኛ 5 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ 50 ቀን ይፈልጋል፤ ክረምቱ ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። «አሁን አልሠራላችሁም። ዝናቡ ይውጣ፤ ጥቅምት ላይ እለካለሁ።»

አባቴ ጥያቄዎቹን በተራ አቀረበ። እንጨቱ ከመነጠፉ በፊት ስንት ቀን በቤቱ ውስጥ ያድራል? «ሁለት ሳምንት፤ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ አየር እንዲያልፍበት ተመሰቃቅሎ ተደርድሮ።» ከግድግዳው ምን ያህል ትተዋለህ? «ከ1 እስከ 1 ሳንቲም ተኩል፤ ዞኮሎ ይሸፍነዋል።» ፓርኬው ከሊሾው ጋር የሚጣበቀው በምን ኮላ ነው? እዚህ ላይ ልጁ ረጅም መልስ ሰጠ። ውኃ የበዛበት ኮላ ራሱ እንጨቱን እንደሚያሳብጥ፣ ለባሕር ዛፍ እየተለጠጠ የሚይዝ ኮላ እንደሚሻል፣ ኮላውም በጥርስ ባለው ማንኪያ ወለሉን ሙሉ መቀባት እንጂ ነጥብ ነጥብ መደረግ እንደሌለበት ነገረው። አባቴ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። የማያውቀውን ሲሰማ ዓይኑ እንዲህ እንደሚበራ አላስታውስም ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ «ቢነሳ ማን ይጠየቃል?» የሚል ነበር። «እኔ» አለ ልጁ። ውሉ ላይም ጻፈው። ሲሶው በቀብድ፣ ሲሶው ተነጥፎ ሲያልቅ፣ ቀሪው ከመጨረሻው ቫርኒሽ በኋላ ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ክረምት የሚነሳ ካለ ደግሞ ያለ እጅ ዋጋ ይጠግናል። የዋጋ ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ በየወሩ ስለሚቀያየር መጽሔቱ እጃችሁ ሲገባ አርጅቶ ይገኛል። በእሱና በመጀመሪያው ሰውዬ መካከል ያለው ልዩነት ግን የአንድ ወር የቤት ኪራያችንን ያህል ነበር። ያን ገንዘብ የከፈልኩት እምቢ ማለት ለሚችል ሰው ነው ብዬ አስባለሁ። አልሠራላችሁም ሲለን የሚያጣው ሥራ ነበር፤ ያ ሆኖ እያለ ነው ያለን።

መጠበቁ ግን ቀላል አልነበረም። የኪራይ ቤታችን ውል ነሐሴ መጨረሻ ላይ አለቀ፤ አከራያችን ዋጋ ሊጨምሩ ነው። የባንክ ዕዳው በየወሩ ይቆረጣል። መስከረም ላይ ባዶ ሊሾ ላይ ገባን። የፕላስቲክ ምንጣፍ ላንጥፍ ስል ልጁ በስልክ ከለከለኝ። «እርጥበቱን ታፍኚዋለሽ፤ መስኮት ክፈቱ።» ስለዚህ ማታ ማታ ሰሌን እናነጥፋለን፣ ጠዋት ጠቅልለን እናነሳለን። ልጆቹ ካልሲ ደርበው ነው የሚንቀሳቀሱት። እናቴ በመጣች ቁጥር «ልጆቼን በብርድ ልትጨርሷቸው ነው» ትላለች። አንድ ሌሊት ትንሿ ልጄ ስታስል አድራ፣ ለባለቤቴ «የመጀመሪያውን ሰውዬ ጥራውና በአራት ቀን ይጨርስልን» ብዬው አውቃለሁ። ባለቤቴ መልስ ሳይሰጥ ስልኩን አነሳና የጎረቤታችንን ወለል ፎቶ አሳየኝ። መብራቱን አጥፍተን ተኛን።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሳችን የሠራነው ብዙ ነው። ባለሙያ ቀጠራችሁ ማለት እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጣችሁ ማለት አይደለም። ግድግዳውን ቀለም የቀባነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ቀለም ከወለል በፊት ይቅደም፣ የመጨረሻው እጅ ብቻ ለኋላ ይቆይ። የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ አስጨረስን። ቧንቧውን ሁሉ ውኃ ሞልተን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አሳደርነው፤ አንዱ መጋጠሚያ ሲያንጠባጥብ አገኘነው። ፓርኬው ከተነጠፈ በኋላ ቢሆን ኖሮ የምናየው ውኃውን ሳይሆን የተነሳ እንጨት ነበር። እንጨቱንም ራሳችን ገዛን፣ ደረሰኙንም ይዘናል። ለ42 ካሬ 46 ካሬ ገዛን፤ ከመቶ አሥር ያህል ለቁራጭና ለብልሹ ይሄዳል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ልጁ መለኪያውን ይዞ መጣ። ሊሾው ደርቋል። ኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ላይ ልጆቹን ይዤ ወላጆቼ ቤት ገባሁ፤ አባቴ ደግሞ በየቀኑ ወደ እኛ ቤት ይሄድ ጀመር። ስፍራውም ሥራውም ተገኝቶለታል። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፓርኬውን አንድ በአንድ ይመርጣል። ጠቆር ያለውን ለብቻ፣ ፈካ ያለውን ለብቻ፣ ዓይን ያለበትን ለአልጋ ሥር፣ የተሰነጠቀውን ለማገዶ። ከየመቶው ስድስት ሰባቱን ጣለ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ጉምጉም ብለው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን «አባባ፣ ይቺስ?» እያሉ እያመጡ ማሳየት ጀመሩ። ይህን ሥራ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይሠራዋል። የሚፈልገው 50 ዓመት እንጨት ያየ ዓይን ነው።

የሳሎኑ ግድግዳዎች ከማዕዘን ውጪ ናቸው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋሉ። ልጁ ስኳድራውን አስቀምጦ፣ «አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ ነው ያየውን የነገረኝ። አባቴ ተነሳ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ዓይኑን አስኬደ፣ ክር አስወጠረና ከግድግዳው ሳይሆን ከመሀል እንዲጀመር አደረገ። ስህተቱ ለሁለቱም ዳር ተካፍሎ ዞኮሎው ሥር ጠፋ። ልጁ መልሱን ሳያውቀው ነው የጠየቀው ወይስ ሊያከብረው? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ሁለት ሰዎች 42ቱን ካሬ በአምስት ቀን አነጠፉት። ኮላው እንዲይዝ አንድ ሳምንት ተተወ። ከዚያ የመላጊያ ማሽኑ መጣ፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻ በለስላሳው ብርጭቆ ወረቀት ተላገ። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ለአፍታ ከቆመ ወለሉን ይቦረቡረዋል፤ ባለቤቴ አምስት ደቂቃ ሞክሮት ላቡ በላብ ሆኖ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ዩቲዩብ አላነሳም። ከዚያው እንጨት የወጣውን ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ለውሰው ክፍተቱን ሞሉት፤ ቫርኒሹ ሦስት እጅ ተቀባ። አቧራውና ሽታው ቀልድ አይደለም። ልጆችን፣ በተለይ አስም ያለበትን ሰው፣ በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ አታሳድሩ፤ ቫርኒሽ በሚቀባበት ቤትም ክብሪት አይጫርም።

ስንመለስ ልጁ ለእናቴ የአጠቃቀም ትምህርት ሰጣት፤ በእኛ ቤት ወለሉን የምታጸዳው እሷ ካልሆነች አይሆንላትምና። ውኃ በባልዲ አይፈስበትም፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል። የከሰል ምድጃው ቀጥታ እንጨቱ ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩ ትርፍ ሴራሚክ ይደረጋል። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማም እርጥብ ስለሆነ ሲውል ሲያድር ቫርኒሹን ያጠቁራል። እዚህ ላይ እናቴ ቆጣ አለች። «ያለ ቄጤማ ምን በዓል አለ?» በትሪ ላይ እንድትጎዘጉዝ ተስማሙ።

ክረምቱ መጣ፤ በየሳምንቱ አጎንብሼ ወለሉን በቁልፍ አንኳኳ ነበር። ነሐሴ ላይ በረንዳው በር ሥር ሁለት ፓርኬ ተነሱ። ነፋስ ያዘለው ዝናብ በበሩ ሥር እየገባ ኖሯል። ደወልኩለት፤ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሁለቱን አውጥቶ ለወጣቸው፣ ለበሩም ዝናብ መከላከያ ጎማ ገጠመለት። የጎማውን ዋጋ ብቻ ተቀበለኝ።

አሁን ሰው «ባለሙያ ልቅጠር ወይስ ራሴ ልሥራው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አባቴ በጓሮው ያደረገውን ነው የምነግረው። ቁራጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ሥሩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ፣ ክር ወጥራችሁ ልኩ፣ ከዚያ በቤታችሁ ስፋት አባዙት። የምትሠሩት የሚቆላለፍ ላሚኔት ከሆነና ቁጥሩ ካላስፈራችሁ ቀጥሉ፤ ስህተቱ ተፈትቶ ይመለሳል። በኮላ የሚጣበቅ እንጨት ከሆነ ግን ስህተቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ዕቃ ሁሉ ከገባ ወዲህ ነው። የምትቀጥሩትን ሰው ደግሞ ሊሾው መቼ እንደተሠራ ሳይጠይቃችሁ ቀብድ አትስጡት።

የልጆቹ መኝታ ቤት በር ጀርባ ያለውን ዞኮሎ የቆረጠው አባቴ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ፣ መጋዙን ጠየቃቸውና ቆረጠ፤ ልጁ ደግሞ ጫፉን ያዘለት። ማዕዘኑ ላይ መጋጠሚያው በትንሹ ክፍት ነው፤ አንድ ክብሪት እንጨት ያስገባል። ቀለም ቀቢው «በስቱኮ ልድፈነው?» ብሎኝ ነበር። «ተወው» አልኩት።